ዘነቡና ሁለቱ ባስኩላዎች

እትዬ ዘነቡ መሞቷን የነገረችኝ ሃዋ ናት። ስልኩን አንስቼ ሰላምታዬን ሳልጨርስ «ዘነቡ ሞተ» አለችኝ። ሃዋ አፏን የፈታችው በበርታ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛዋ እስከዛሬ ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔም እንደ ልማዴ ላርማት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ያለችው ነገር ገባኝ።

«ታማ ነበር?» አልኳት።

«አልታመመም። ማታ በላ፣ ተኛ፣ ጠዋት አልተነሳም። ፊቱ ደህና ነበር፣ ወላሂ። አንተ አታልቅስ።»

አለቀስኩ እንጂ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ያረጀ ሰው ትልልቅ ሰዎች ማየት አይቸግረውም፤ እኔም ብዙ ባለሥልጣን፣ ብዙ ባለዲግሪ አይቻለሁ። አፌን ይዤ እንዳያት ያደረገችኝ ግን አንዲት የስፖርት አስተማሪ ብቻ ናት። ዛሬም ስሟን ሳነሳ ሳላስበው ቀና ብዬ እቀመጣለሁ።

አሶሳ የሄድኩት ክልሉ ገና ሲቋቋም ነው። ስሙ ራሱ ስላልተለመደ «ክልል ስድስት» እንል ነበር። እኔን ከደብረ ብርሃን ብርድ አንስተው እዚያ ሙቀት ውስጥ ፕላን ቢሮ መደቡኝ። ቢሮ ይባል እንጂ ሁለት ጠረጴዛ የገባበት የጭቃ ቤት ነበር፤ ቀድሞ የገባ ወንበር ያገኛል፣ የዘገየ መስኮቱ ደፍ ላይ ይጽፋል። ሃዋ መዝገብ ቤት ትሠራ ነበር፤ ከመካከላችን የአገሩ ልጅ እሷ ብቻ ናት። ታይፒስቷ ሳባ ደግሞ የናዝሬት ልጅ ናት። እኔና ሳባ አንድ ቤት ተከራይተን እንደ እህት ኖርን።

ከሥራ በኋላ የሚደረግ ነገር ስላልነበረ በላን። መብራት ሲኖር እያወራን እንበላለን፣ ሲጠፋ በሻማ እንበላለን። በሁለተኛው ዓመት ከየቤታችን ይዘን ከመጣነው ቀሚስ የሚዘጋልን አንድም አልቀረም። እኔ ነገሩን በሳቅ አለፍኩት፤ ሳባ ግን መስታወት ፊት የምትቆምበት ጊዜ እየበዛ መጣ።

ዘነቡን መጀመሪያ ያየኋት ከጀርባዋ ነው። ጎህ ሲቀድ ወደ አውሮፕላን ሜዳው የሚወስደውን መንገድ ይዛ፣ የደበዘዘ ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ በቀኝ እጇ ክብ ብረት ጨብጣ ትሄዳለች። ወፍራም ነበረች። ሰዎች ሊያባብሏት «ሞላ ያለች» ሲሏት ትቆጣ ስለነበር እኔም እሷ እንደምትወደው ልበለው፤ ወፍራም ነበረች። ትከሻዋ የበር ስፋት አለው፣ ስትራመድ ግን ኮቴዋ አይሰማም። መጀመሪያ ያስገረመኝም ይኸው ነው።

የወሎ ሰው ናት። በወጣትነቷ በወታደር ስፖርት ቡድን ውስጥ አሎሎ ትወረውር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ቡድኑ ተበተነ፣ እሷም በማስተማር ሙያዋ አሶሳ ደረሰች። ከዚያ ሁሉ ዘመን ይዛ የወጣችው ያችን አራት ኪሎ የሴቶች አሎሎ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው እያዛወረቻት ትሄዳለች፤ ሌላው ሴት ቦርሳ እንደሚይዘው ማለት ነው።

በዚያው ዓመት የየቢሮው ሠራተኛ የሚወዳደርበት የስፖርት ቀን ተደረገ። ባለሥልጣናቱ ከሜዳው ዳር ዳስ ተጥሎላቸው ተቀምጠዋል። ገመድ ጉተታው፣ የጆንያ ሩጫው አለቀና መድረክ መሪው «አሁን ደግሞ መምህርት ዘነቡ ትንሽ ነገር ታሳየናለች» አለ። ድምፁ ውስጥ ሳቅ ነበረበት። እሷ ቱታዋን ለብሳ ስትወጣ ሕዝቡ በግልጽ ሳቀ። ከአጠገቤ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ «መሬቱ እንዳይሰምጥ» አለ።

ዘነቡ ወደ ዳሱ ዞራ «ወንድሞቼ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት በሉልኝ» አለች። ይበልጥ ተሳቀ። ማንም ከወንበሩ አልተነቃነቀም። እሷም ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገችና ብረቷን አንገቷ ሥር ወሸቀች። ጎንበስ አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ጊዜ ላወራው ሞክሬ አልሆነልኝም። ያ ሁሉ ሥጋ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ሆነ። ብረቱ ከእጇ ሲወጣ ከደረቷ የወጣው ድምፅ ሜዳውን ዞረው፤ አሎሎው ሄደ፣ ሄደ፣ ዳሱ ፊት ለፊት መሬት ሰንጥቆ ገባ። የፊተኞቹ ባለሥልጣናት ሱሪ አቧራ ለበሰ።

መጀመሪያ የተነሱት ከዳር ተቀምጠው የነበሩ የበርታ ሽማግሌዎች ናቸው። ተነስተው አጨበጨቡ፤ ከዚያ ሴቱ እልል አለ። ለሁለተኛው ውርወራ ማንም ሳይነግራቸው ወንበሩ ሁሉ ወደ ኋላ ሄደ። የሒሳብ ሠራተኛው ሲያጨበጭብ እጁ ቀልቶ ነበር። ዘነቡ አሎሎዋን ከጉድጓዱ አውጥታ በቱታዋ ጠረገቻትና «ብያችሁ ነበር» አለች፣ ሌላ ምንም አላለችም።

በዚያው ሳምንት ሳባ እጄን ይዛ ዘነቡ ቤት ወሰደችኝ። ሳባ ለጥር ሠርግ ነበረባት። የእጮኛዋ ታላቅ እህት ማርታ፣ ሳባ ወደ አሶሳ ከመምጣቷ በፊት በተለካችው ልክ ቬሎ አሰፍታ አዲስ አበባ አስቀምጣለች። ያን ልክ ሳባ ታውቀዋለች፤ ዛሬ የት እንደደረሰች የምታውቀው ግን እሷ ብቻ ናት። ለማንም አልተናገረችም።

«እትዬ ዘነቡ፣ መክሳት እንፈልጋለን» አልናት።

ከላይ እስከ ታች አየችን። «ይሄ ሆድ ለመምጣት ስንት ጊዜ ፈጀ?» አለችኝ እኔን።

«ሁለት ዓመት።»

«ታዲያ በሁለት ሳምንት ውጣ ብትዪው ይሰማሻል?»

ሳባ አልሳቀችም። «እስከ ጥር ምን ያህል እቀንሳለሁ?» አለች።

«እሱን አላውቅም የኔ ልጅ። የማውቀውን ልንገርሽ። በየጠዋቱ ከመጣሽ ወር ሳይሞላሽ እንቅልፍሽ ይስተካከላል። ቀጥሎ የገበያውን ዳገት ሳታርፊ ትወጫለሽ። በሆነ ባልሆነው ሆድ አይብስሽም። ወገብሽ ጥቂት ይቀንስ ይሆናል፣ ላይቀንስም ይችላል። በማላውቀው ቃል አልገባም።»

«እንዲህ ከሆነማ ምን ዋጋ አለው?»

«መጥተሽ እዪዋ።»

እኔ ምላሴ አያርፍምና «አንቺስ ይሄን ሁሉ እየሄድሽ ለምን አልከሳሽም?» አልኳት። ሳባ ቆነጠጠችኝ። ዘነቡ ግን ሳቀች፤ ሆዷ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ለመክሳት ነው የምሄደው ያለሽ ማነው? ቡድናችን ሲበተን ከአልጋ መነሳት አቅቶኝ ነበር። ፀጉሬን ማበጠር ሳይቀር ከበደኝ። አንድ ቀን ጠዋት እስከ ወንዝ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በማግስቱ ደገምኩት። ይኸው እየሄድኩ አለሁ።»

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሄድን። ሌሎችም ተጨመሩ፤ የጤና ቢሮዋ ሠራተኛ፣ የዳኛው ሚስት፣ ሁለት መምህራን። አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ሜዳው የከብትና የእኛ ነበር። ዘነቡ ከኋላ ትሄዳለች እንጂ አትመራም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ከፊት ከሆንኩ የምታዩት እኔን ነው፤ ከኋላ ስሆን ማን እንደደከመ እኔ አያለሁ» አለችኝ። ያለከለከውን ታዘገያለች፣ የተከዘውን ታስወራለች። አንዳችንንም ስለ ሰውነታችን ስትሰድብ ሰምቼ አላውቅም፤ ስታሞግስም አልሰማሁም። «ትናንት እንዴት አደርሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው?» ነው የምትለው። ቆይቶ እንደገባኝ ከልቧ ነበር የምትጠይቀው፤ መልሱንም አትረሳም።

አንድ ጠዋት ሃዋ ከአክስቷ ጋር መጣች። አክስቷ እንደ ሱዳን ሴቶች በቶብ የተጠቀለሉ፣ ክብር ያላቸው ሴት ናቸው። ሃዋም ለመዳር ሁለት ወር ያህል ቀርቷት ነበር። አክስቷ እኛን አልፈው ዘነቡ ፊት ቆሙና «ይህ ልጅ አጥንት ብቻ ነው። ሠርግ ደርሷል። አንተ ወፍራም ነህ፣ ማሻአላህ። እንዴት እንደወፈርህ ለእሱ ንገረው» አሏት።

እኛ ሻሻችንን ነክሰን ቀረን። ዘነቡ ግን ሙገሳውን እንደ ሙገሳ ተቀበለች። ሁለት እጃቸውን ይዛ «እናቴ፣ ጠዋት ጠዋት ትምጣልኝ» አለቻቸው። «ትራመዳለች፣ ይርባታል፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። ፊቷ ይበራል። ከዚያ በላይ ያለውን አላህ ያውቃል። በችኮላ አታስጨንቋት።»

ሴትዮዋ አሰቡና «ፊት ከበራ ጥሩ ነው። ኢንሻአላህ» አሉ።

ስለዚህ በአንድ መንገድ ላይ እኛ ለመክሳት፣ ሃዋ ለመወፈር እንሄድ ጀመር። ሁላችንም የተነገረን አንድ ቃል ነው። ይሄን ሳስበው እስከዛሬ ይደንቀኛል፤ ሁለት ተቃራኒ ጥያቄ ይዘው ለመጡ ሴቶች አንድ እውነት ሰጥታ ሁለቱንም በሰላም የምታሳድር ሰው ሌላ አላየሁም። ሃዋ ፊቷ በርቶ ተዳረች። ወፈረች አልወፈረች ማን አስታወሰ።

ሳባን ግን ያ እውነት በሰላም አላሳደራትም።

ዘነቡ ሚዛን አትወድም ነበር። እኛ ደግሞ ቁጥር ማየት አማረን። የሰው ሚዛን ያለው ሆስፒታል ነው፤ እዚያ ሄዶ ሳይታመሙ መቆም አሳፈረን። ስለዚህ በመስከረም እኔና ሳባ ተደብቀን የእህል ነጋዴው አቶ ተካ ዘንድ ሄድን። ተካ እንደኛው ከደጋ የመጣ፣ ቀልድ የሚችል ሰው ነው። ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው፣ ጆንያ በሚመዘንበት ባስኩላ ላይ በየተራ ወጣን፤ እየሳቀ መዘነን። ሳባ ከፈራችው ያነሰ ስለሆነ ደስ ብሏት ተመለሰች።

በኅዳር እንደገና ሄድን። የሰሊጥ ወቅት ነበር፤ የፊተኛው ባስኩላ ገበሬ ተሰልፎበታል። ተካ «ጓሮ ግቡ» አለን። ጓሮ ሌላ ባስኩላ አለው፤ እህል ሲሸጥ የሚመዝንበት ነው። ሳባ ወጣች። አራት ኪሎ ጨምራ ተገኘች። እኔም ጨምሬ ነበር፤ እኔ ግን ወጡን አሳብቤ ሳቅሁ። ሳባ መንገድ ላይ ቆማ አለቀሰች። ጠዋት ጠዋት የተነሳችው፣ ዳገት የወጣችው፣ ላቡ ሁሉ ለዚህ ነው። «እትዬ ዘነቡ ደግ ናት፤ እውነቱን መናገር ስላልፈለገች ነው እንጂ እኔ የማልቀንስ ሰው ነኝ» አለችኝ።

ወዲያው የገና ጾም ገባ። ለሳባ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አልነበረም። ቤት ስንሆን «ቢሮ በልቻለሁ» ትላለች፣ ቢሮ «ቤት በልቻለሁ»። ሻይ በሎሚ ትጠጣለች። ጠዋት እኛ ስንጨርስ እሷ ብቻዋን አንድ ዙር ትጨምራለች። ዘነቡ ከኋላ ሆና አየቻት።

«ሳባ፣ ትናንት ምን በላሽ?»

«ጾም ነው እኮ እትዬ።»

ዘነቡ እርምጃዋን ቀጠለች። እሷም ጾመኛ ናት፤ ሰውን ስለ ጾሙ እንዴት ብላ ትገሥጸው። በሌላ ቀን ግን ቀስ ብላ «ጾሙ ለእግዜር ነው አይደል? ለወገብ አይደለም?» አለቻት። ሳባ መሬት መሬት እያየች «ለእግዜር ነው» አለች። ከጉንጯ በታች ጥላ ጀምሮ ነበር። ቢሮ ውስጥ ሰው ሁሉ «አማረብሽ» ይላት ጀመር።

በታኅሣሥ አንድ ጠዋት ከሜዳው ጫፍ ደርሰን ሳባ ቁጭ አለች። «በረደኝ» አለች። አሶሳ ላይ በረደኝ ያለ ሰው ወባ እንደያዘው ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም። እጇን ስይዘው አቃጠለኝ። ልነሳ ስትል ዓይኗ ተገለበጠና እግሬ ሥር ወደቀች።

ዘነቡ ደረሰች። አሎሎዋን «ያዢ» ብላ ሰጠችኝ፣ ተንበረከከች፣ ሳባን ጀርባዋ ላይ አዘለቻትና ተነሳች። ከዚያ ሄደች። አልሮጠችም፤ ያው የሁልጊዜ እርምጃዋ ነው፣ ብቻ አያቆምም። እኔ አራት ኪሎ ብረት ታቅፌ እየተንገዳገድኩ፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ ከኋላ እከተላለሁ፤ እሷ ሙሉ ሰው አዝላ ከፊቴ እየራቀች ትሄዳለች። አብረን ስንሄድ ከፊት ስትሆን ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። አንድ ባለጋሪ ተጠግቶ «እትዬ፣ እዚህ ላይ ጫኛት» አላት። «ጋሪው ያንገጫግጫታል» ብላ አለፈችው። የገበያውን ዳገት ሳታርፍ ወጣችው። ሰው መንገድ ዳር እየቆመ ያያታል፤ «ወፍራሟ» እያሉ የሚያሾፉባት የጋራዥ ወጣቶች ሳይቀሩ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስደርስ ሳባ አልጋ ላይ ነበረች፣ ዘነቡም ግድግዳ ተደግፋ በቱታዋ እጅጌ ፊቷን እየጠረገች ነበር።

ሐኪሙ ወባው ከባድ እንደሆነ ነገረን። «ይበልጥ የፈራሁት ግን ሰውነቷ ውስጥ መታገያ የሚሆን ነገር አለመኖሩን ነው» አለ። «ይቺ ልጅ አትበላም እንዴ?»

ዘነቡ ወደ እኔ ዞረች። የተካን ቤት፣ ሁለቱን ቀን፣ የጨመረችውን ኪሎ ነገርኳት። 

«አንቺም ጨመርሽ?»

«አዎ።»

«አንድ ላይ ሁለት ሰው? ይሄን ሁሉ ዳገት እየወጣችሁ?» አለችና እጇን ዘረጋች። «አምጪልኝ ብረቴን።»

በቀጥታ ወደ ተካ ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት። ከሱቁ ፊት ገበሬው ሰሊጡን ይዞ ተሰልፏል። ዘነቡ ተራ የያዙትን ይቅርታ ጠይቃ አሎሎዋን የፊተኛው ባስኩላ ላይ አስቀመጠችና «ተካ፣ ይሄ ስንት ነው?» አለችው።

ቀልድ መስሎት እየሳቀ መዘነው። «ሁለት ኪሎ።»

ብረቷን አንስታ ወደ ጓሮ አለፈች። እኛም ገበሬዎቹም ተከተልን። እዚያኛው ላይ አስቀመጠቻት። ሰባት ኪሎ። ተካ መሳቁን ተወ።

«ይሄ ብረት አራት ኪሎ ነው» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። «ስወረውረው ኖሬያለሁ፤ እጄ ያውቀዋል። አንተ ቤት ሲገባ ሁለት፣ ሲወጣ ሰባት ይሆናል፤ የፊተኛው ሁሌ ሁለት ይሰርቃል፣ የጓሮው ሁሌ ሦስት ይጨምራል። በዚህ ሚዛንህ ሰበብ አንዲት ልጅ ሆስፒታል ተኝታለች።»

አንድ የበርታ ሽማግሌ ከሰልፉ ወጥተው አሎሎውን በሁለት እጃቸው አነሱት። ክብደቱን መዘኑት፣ ወደ ፊተኛው ባስኩላ ተመልሰው ራሳቸው አስቀመጡት፣ ራሳቸው አዩት። «የእኔ ሰሊጥ አምና እዚህ ነው የቆመው?» አሉ ለተካ። 

ዘነቡ «የእናንተን እናንተ ጨርሱት» ብላ ወጣች። እንዴት እንደጨረሱት ዝርዝሩን አላውቅም። የማውቀው በዚያ ወቅት በገበያ ቀን ጠዋት ሽማግሌው ቤቷ እየመጡ «የቲቸርን ብረት» ይዋሱ እንደነበር ነው። እሱ ሳይመዘን ሰሊጥ አይመዘንም ነበር። በገበያ ቀን ዘነቡ ባዶ እጇን ነበር የምትሄደው፤ እጇ የት እንደሚገባ ጠፍቶባት ከኋላዋ ታጣምረዋለች።

ሳባ ዓይኗን ስትገልጥ አጠገቧ ነበርን። ዘነቡ የባስኩላውን ነገር ነገረቻት። «አልጨመርሽም ነበር። እንደውም ጥቂት ሳትቀንሺ አትቀሪም።»

ሳባ በተሰነጠቀ ከንፈሯ ፈገግ አለች። «እውነት? ቀንሻለሁ?»

ያን ጊዜ የዘነቡ ፊት ሲወድቅ አየሁት። አልተቆጣችም። ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋችና ሌላ ጊዜ ተናግራው የማታውቀውን ነገር ተናገረች።

«ቡድን ውስጥ ሳለሁ አንድ ሻለቃ ነበር። ምግብ ቤት እየመጣ ‹ለዘነቡ ጨምሩላት› ይላል። ይሄን ትከሻዬን እያየ የአገር ሀብት ነው ይል ነበር። ቡድኑ ተበትኖ ወር ሳይሞላው መንገድ ላይ አገኘኝ። ‹ምነው ዘነቡ፣ እንዲህ ራስሽን ጣልሽ› አለኝ። ገና ምንም አልጨመርኩም እኮ። ያው ትከሻ፣ ያው ጭን ነው። ያኔ ነው ከአልጋ መነሳት ያቃተኝ። ዛሬ ተካ ቤት ቆሜ እሱ ሰውዬ ትዝ አለኝ። የሰውም ዓይን እንዲሁ ነው ሳባዬ፤ ሲፈልግሽ ሌላ ይመዝንሻል፣ ሳይፈልግሽ ሌላ። እኔ እሱን አምኜ ስንት ጊዜዬን ተኝቼ ጨረስኩ። አንቺ ልትሞቺልኝ ነበር።»

ሳባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።  ሾርባ ሲመጣላትም «በልቻለሁ» አለች።

አስቀድሜ ልናገር፤ ሠርጉ አልቀረም። ከፋሲካ በኋላ ሆነ። እጮኛዋ ነገሩን ሲሰማ «እኔ መቼ ቬሎ አገባለሁ አልኩ?» አለ ይባላል፤ ሳባም ሰፋ ባለ ሌላ ቀሚስ ተሞሽራ ስትጨፍር አይቻታለሁ። እኔ የማልረሳው ግን ከገና በኋላ የነበረውን የአንድ ቀን ከሰዓት ነው።

ሳባ ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ነበረች። ማርታ ቬሎውን ይዛ በአውሮፕላን መጣች፤ ልትለካት። ሠርጉ የተቆረጠው ለጥር መጨረሻ ነበር። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፣ ዘነቡም መጥታ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሳባ ጓዳ ገብታ ለብሳ ወጣች። ዚፑ ያለ ምንም ትግል ተዘግቷል። እንደውም ሰፍቷት ነበር። ቤቱ እልል አለ።

«አላልኩም?» አለች ማርታ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «ሴት ከቆረጠች ምን ያቅታታል? እስቲ ምን አድርገሽ ነው?»

«ለእኛም ንገሪን እንጂ» አለች የዳኛው ሚስት።

ሳባ ዞራ ዘነቡን አየቻት። ዘነቡ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፤ እኔ ልናገር ብዬ አፌን ሳሞጠሙጥ በዓይኗ ከለከለችኝ። የሚባለውን ሁሉ ሆስፒታል ብላዋለች፣ የቀረው የሳባ ነበር። ሳባ የቬሎውን ደረት በጣቷ ነካችው፤ አጥንቷ ከላዩ ይታያል።

«ወባ ነው» አለች።

እልልታው ቆመ።

«ወባና ረሃብ ነው ማርታዬ። ልሞት ነበር። ይሄን ቬሎ መልሰሽ ውሰጂው። ይሄ የእኔ ሰውነት አይደለም፤ የእኔው መንገድ ላይ ነው፣ እየመጣ ነው። ሲደርስ ደግሞ እዚህ ውስጥ አይገባም።»

«ሠርጉ እኮ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።»

«ይጠብቃ።»

ማርታ ወደ በሩ ዞረች። «አንቺ ነሽ እንዲህ በይ ያልሻት?» አለቻት ዘነቡን።

«እኔ አይደለሁም እህቴ» አለች ዘነቡ። «እኔ ብናገረው እንዲህ አያምርልኝም።»

ሳባ ጓዳ ገብታ የቤት ቀሚሷን ለብሳ ተመለሰች። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። መጥታ ከዘነቡ እግር አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ራሷን የዘነቡ ጉልበት ላይ ጣል አደረገች።

«እትዬ ዘነቡ።»

«ወዬ የኔ ልጅ።»

«ርቦኛል።»

ያ ባለሥልጣን ያስነሳ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ዘነቡ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ሳታፍር። እኔ ጓዳ ገብቼ ከገና የተረፈውን ዶሮ አሙቄ አመጣሁ። ሰሃኑን ከእጄ ተቀበለችኝ፣ እጇን ታጥባ አንድ ጉርሻ ጠቀለለችና ሳባ አፍ ውስጥ አስገባች። ቤቱ ሙሉ ሴት ያያል። ሳባ ቀስ ብላ አላመጠች፣ ዋጠች፣ አፏንም ደግማ ከፈተች።